ንድፉ ይቆየን፤ መጀመሪያ ውሃውን ከግንቡ እናውጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የፋሲል ግቢ እድሳት ከተካሄደ ወዲህ የሰው ዓይን ወደ ሌሎቹ ፍርስራሾች ዞሯል። ጣና ዳር ያለው የጎርጎራ ማርያም ግምብ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ጉብታ ላይ የተቀመጠው ጉዛራ፣ የአፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ምን ይደረጉ? አንዱ ወገን እንደ ጥንቱ ተገንብተው ይቁሙ ይላል። ሌላው የአገር ውስጥና የውጭ አርክቴክቶች ተጣምረው የዘመኑን ሥራ፣ ብረቱንና መስታወቱን፣ ከጥንቱ ጋር ያገናኙት ይላል። እጅ የሚባል አይንካቸው የሚልም አለ። የእኔ ሐሳብ ለሁለተኛው ወገን ያደላል። የሚያሳስበኝ ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በኮምፒዩተር የተሳለው ውብ ሥዕል ሲሆን፣ ግንቡ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠየቀው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የውጭ ባለሙያ ይግባበት ሲባል የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሆኖም የጎንደር ዘመን ሕንፃ ራሱ የብዙ አገር እጅ ያረፈበት ነው። በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚሲዮናውያን ጋር ከህንድ የመጡ ግንበኞች እዚህ እንደሠሩ የዘመኑ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። ማርያም ግምብ ውስጥ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት አበቦች የዚያ ውጤት ናቸው። ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው ሚሲዮናውያኑን ካባረሩ በኋላም ሙያው አልተባረረም። በአገሩ ጠራቢዎች እጅ ቀርቶ የጎንደርን ግቢ ሠራ። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ያኔ ከውጭ የመጣው ዕውቀት እንጂ ዕቃው አይደለም። ድንጋዩ ከቅርብ ካባ የወጣ ጥቁር ባዝልት፣ የመስኮቱና የበሩ ቅስት ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማያያዣው ኖራ፣ ወራጁ የደጋ ጥድ ነበር። ዛሬም መዋሐድ የሚባለው በዚህ መንገድ ቢሆን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ግንቡ እንግባ። የእነዚህ ሕንፃዎች ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። ውጩም ውስጡም በተጠረበ ወይም በግማሽ በተጠረበ ድንጋይ ተገንብቶ፣ መሃሉ በጠጠርና በኖራ የተሞላ ነው። ጣሪያ እስካለው ድረስ ይህ አሠራር ዘመናትን ይሻገራል። ጣሪያው ሲወርድ ግን የግንቡ አናት ለክረምት ይጋለጣል። ዝናቡ ከላይ ወደ መሃሉ ይሰርጋል፣ ኖራውን እያሟሟ ከታች በኩል ይዞት ይወጣል። ግድግዳው ግርጌ ላይ የምናየው ነጭ ግግር ከመሃል የታጠበው ኖራ ነው። መሃሉ ሲቦረቡር ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ መያያዛቸው ያበቃል፤ ውጨኛው ገጽ እንደ ሆድ ይነፋል፣ አንድ ክረምት ላይ ይዘረገፋል። በቱንቢ ሲለካ 3 እና 4 ሳንቲ ሜትር የተነፋ ገጽ ለዓይን ላይታይ ይችላል፤ በጡጫ መታ መታ ሲደረግ ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

በዚህ ላይ ሲሚንቶ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ፋሲል ግቢ ውስጥ አይተነዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና ሲሚንቶና አርማታ ገባ። ያኔ ዘመናዊ መድኃኒት መስሎ ነበር። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ደረቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ግድግዳው የሚጠጣውን ውሃ አያስተነፍስም። ውሃው በስንጥቅ ይገባል፣ በሲሚንቶው በኩል መውጣት ይሳነዋል፣ ስለዚህ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ሲወጣ ከሲሚንቶው የተሸከመው ጨው ድንጋዩ ቆዳ ሥር ይቀራል፣ እየደረቀ ሲጋገር ድንጋዩን በቅርፊት በቅርፊት ያነሳዋል። ባዝልቱ ይቋቋመዋል። የሚጎዳው ያ ለስላሳው ቀይ የቅስት ድንጋይ ነው፤ ውበቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። አርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ ደግሞ ሲዝግ ከነበረበት መጠን በብዙ ይገዝፍና የያዘውን ይሰነጥቃል። በአቴንስ አክሮፖሊስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገቡ የብረት ማያያዣዎች ዝገው እብነ በረዱን ስለሰነጠቁት፣ የግሪክ ባለሙያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየነቀሉ በቲታኒየም መተካት ግድ ሆኖባቸዋል። የአክሱም ሐውልት ከሮም ተመልሶ በ2008 ሲተከል ክፍሎቹ የተያያዙት በተራ ብረት ሳይሆን አራሚድ በሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር በተሠሩ ዘንጎች ነው። ትምህርቱ ከተወሰደ ቆይቷል፤ ሆኖም የጨረታ ሰነዶች ላይ "ሲሚንቶ" የሚለው ቃል አሁንም ሳይታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ ኖራው እንዴት ይዘጋጅ? የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቃጠላል፣ ከዚያ ውሃ ሲገባበት ይፈላል፣ ይበርዳል፣ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ በወንፊት ተጣርቶ ከላዩ ውሃ ሳይደርቅ ጉድጓድ ወይም በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ወር ይቀመጥ። ሳይበስል ሥራ ላይ ከዋለ ያልበረደው ጠጠር ግድግዳው ውስጥ ሆኖ ዘግይቶ ያብጥና ምርጊቱን ያፈነዳዋል። አሸዋው ታጥቦ ጭቃው የወጣለት፣ ጥርስ ያለው፣ ከደቃቅ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የተደባለቀ መጠን ያለው መሆን አለበት። ልኩ በመጠን (በባልዲ እንጂ በግምት አይደለም) 1 ኖራ ለ3 አሸዋ ነው። እርጥበት የማይለየው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ማርያም ግምብ የጣና ጭጋግ በሚያገኘው በኩል፣ 1 ኖራ፣ 2 ተኩል አሸዋና ግማሽ የሸክላ ዱቄት ይሻላል። ዱቄቱ ዝቅ ባለ ሙቀት ከተተኮሰ ሸክላ ይፈጭ። በፋብሪካ ምድጃ ብዙ የተቃጠለ ጡብ ከኖራ ጋር አይዋሐድም፣ በሸክላ ሠሪዎቻችን ክፍት እሳት የበሰለው ስባሪ ግን ለዚህ የተመቸ ነው። ለጥገና የምንፈልገው ዕቃ ከሸክላ ሠሪ እናቶች ደጅ ወድቆ ይገኛል ማለት ነው። ለአካባቢው ሰውም ገቢ ይሆናል።

በእጅ የሚመረገው በአንድ ጊዜ ከ15 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከምርጊቱ በፊት መጋጠሚያው እስከ ድንጋዩ ድረስ ተጠርጎ ውሃ ይጠጣ፣ ካለበለዚያ ደረቁ ድንጋይ የኖራውን ውሃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። ከተመረገ በኋላ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከፀሐይ ይጠበቅ። ኖራ እንደ ሲሚንቶ በውሃ ብቻ አይጠነክርም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ለዚህም አየርም መጠነኛ እርጥበትም ይፈልጋል። በክረምት ከተሠራ ይታጠባል፣ በበጋ ንዳድ ሳይሸፈን ከቀረ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለጎንደርና ለጣና አካባቢ የግንበኛው ወራት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ናቸው። ጠንክሮ እንደሆነ ለማወቅ የሚሞክር ሰው ከምርጊቱ ትንሽ ሰብሮ ፊኖልፍታሊን የሚባለውን ፈሳሽ ይንፋበት። ስብራቱ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ውስጡ ገና ነው፤ ቀለሙን ካልቀየረ ደርሷል። ይህ ፈተና ከአንድ ብርጭቆ ፈሳሽ በላይ አይጠይቅም። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ኪሱ ውስጥ ይዞት ቢዞር ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

የተቦረቦረውን መሃል ለመሙላት ቀጭን የኖራ ፈሳሽ ይወርድበታል። ብዙ ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው በድንጋዩ ሳይሆን በመጋጠሚያው ይበሳ፤ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ርቀቱ ግማሽ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ንጹህ ውሃ ይለፍበት፤ አቧራው እንዲታጠብና ፈሳሹ በየት በኩል እንደሚያመልጥ እንዲታይ። የሚያመልጥበት ቦታ በጭቃ ይደፈን። ፈሳሹ ከታች ረድፍ ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ግፊቱ ደግሞ በፓምፕ ሳይሆን አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ባልዲ በቱቦ የሚወርድ ይሁን። በአንድ ቀን ከአንድ ሜትር ከፍታ በላይ አይሞላ። ፈሳሽ የራሱ ግፊት አለውና፣ የተነፋውን ገጽ ልናድነው ሄደን በእጃችን እንዘረግፈዋለን። ከሥራው በፊት ገጹ በእንጨት ይደገፍ። ስንጥቆች ላይ የጂፕሰም ምልክት ተለጥፎ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይታይ። ምልክቱ ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ ያረጀና የቆመ ነው፤ ከተሰነጠቀ መሠረቱ ላይ ሌላ ችግር አለ።

ግንቡ ላይ የበቀለው ሾላና ዋርካ በጉልበት አይነቀል። ሥሩ ድንጋዮቹን ይዞ ይወጣል። ግንዱ ተቆርጦ ሥሩ እንዲሞት ይደረግ፤ ድንጋዮቹ ቁጥር ከተሰጣቸው በኋላ ያ ክፍል ብቻ ተፈትቶ ይመለስ። የግንቡ አናት በኖራ ተዳፋት ሊሸፈን ይችላል። ከዚያ የሚረክሰው ግን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ከነሣሩ ማልበስ ነው። በእንግሊዝ ፍርስራሾች ላይ የተሠራበት ዘዴ ነው፤ ሣሩ ዝናቡን ይጠጣል፣ የቀንና የሌሊቱንም የሙቀት ልዩነት ያለዝባል። ሥሩ አጭር የሆነ የአካባቢው ሣር ይመረጥ፤ ቁጥቋጦ የሚያበቅል ዘር ያለበት አፈር ግን ዕዳ ነው።

መሬት ላይ የወደቁት ድንጋዮችስ? ቦታ ለማጽዳት ተብሎ ጥግ ላይ ከተከመሩ ሕንፃው ለሁለተኛ ጊዜ ፈረሰ ማለት ነው። ድንጋይ የወደቀበት ቦታ ከየት እንደወደቀ ይናገራል። እያንዳንዱ የተጠረበ ድንጋይ በወደቀበት ሳለ ፎቶ ይነሣ፣ ቁጥር ይጻፍበት፣ በ1 ለ20 ልኬት ንድፍ ላይ ይስፈር። የአንድ ቅስት ድንጋዮች ሙሉ በሙሉ ከተገኙ መልሶ ማቆም ተገቢ ነው። የቅርስ ጥገና ዓለም አቀፍ መመሪያ የሆነው የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር የሚፈቅደውም ይህንኑ ነው፤ ግምት ሲጀምር እድሳቱ ይቁም ይላል፣ የሚጨመረው አዲስ ነገርም የዘመኑን መልክ ይዞ ከጥንቱ ይለይ ይላል። "እንደ ጥንቱ ይገንቡ" ለሚሉት ወገኖቼ መልሴ ይኸው ነው። የማርያም ግምብን ቅስት ጣሪያ በግምት ከሠራነው፣ የልጅ ልጆቻችን የሱስንዮስን ሥራ ከእኛ ሥራ መለየት ያቅታቸዋል።

ግንቡ ከተረጋጋና ውሃው ከተያዘ በኋላ አርክቴክቱ ይምጣ፤ ያኔ በደስታ እንቀበለዋለን። በጀርመን ኮሎኝ ከተማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደመው የቅድስት ኮሉምባ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ ስዊዘርላንዳዊው አርክቴክት ፒተር ዙምቶር በ2007 ሙዚየም ሠርቷል። ጡቡ ዴንማርክ ውስጥ በእጅ የተሠራ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ቀለሙ ከጥንቱ ድንጋይ ጋር የሚስማማ ግራጫ ነው። ከቁፋሮው በላይ ያለው ግድግዳ ጡቦቹ መሃል ክፍተት ስላላቸው አየርና ብርሃን ይገባል። በዚህም ፍርስራሹ ታፍኖ አይሻግትም። በጣሊያን ቬሮና ከተማ ሙዚየም በሆነው የካስቴልቬኪዮ ግንብ አርክቴክቱ ካርሎ ስካርፓ አዲሱን ወለል ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ሳያገናኝ ቀጭን ክፍተት ትቶ ሠራ። እግሩ ሥር የሚያይ ጎብኚ የቱ ጥንታዊ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ ያለ አስጎብኚ ይገባዋል። በእንግሊዝ አስትሊ ግንብ ደግሞ በ1978 ከተቃጠለ በኋላ ውስጡ አዲስ መኖሪያ ተሠርቶለት በ2013 ስተርሊንግ የሚባለውን የብሪታንያ የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። አዲሱ ጡብ የፈራረሰውን ጠርዝ ደግፎ ይዞታል፤ የጎደለው እንደ ጎደለ ይታያል።

ተቃራኒውንም እንይ። ስፔን ካዲዝ አውራጃ የማትሬራ ግንብ በ2013 ዝናብ ከፊሉ ተደረመሰ፤ ጥገናው የጎደለውን በነጭ የኖራ ገጽ ሞላው። ሙያው ትክክል ነበር፤ ቁሱ ተስማሚ፣ አዲሱም ከጥንቱ የተለየ። ሥራው ሲታይ ግን በብዙ ሰው ዘንድ ቁጣና ፌዝ አስነሳ። እኔ ለሥራው እከራከርለታለሁ። ሆኖም አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ናሙና ግድግዳው ላይ ተሠርቶ ለአካባቢው ሰው አስቀድሞ ማሳየት አይከብድም። ለጉዛራና ለቁስቋም ሦስት ዓይነት ናሙና ተሠርቶ፣ አንድ ክረምት አልፎበት፣ የእንፍራንዝና የጎንደር ሰው አስተያየት ቢሰጥበት ወጪው ትንሽ ነው። ቁስቋም ጸሎት የሚደረስበት ደብር ነውና የካህናቱ ቃል ከሁሉ ይቅደም።

መጠለያ ወይም ጣሪያ ሲታሰብ ቁጥር ይቅደም። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በየሚሊ ሜትሩ ውፍረት 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ 20 ሚሊ ሜትር የጣሪያ መስታወት 50 ኪሎ ነው። 200 ካሬ ሜትር ቢሸፈን ብረቱ ሳይቆጠር 10 ቶን ይሆናል። ይህን የተቦረቦረ ግንብ ላይ ማሳረፍ አይታሰብም። መስታወት በተጨማሪም በእኛ ፀሐይ ሥሩን ያግለዋል፣ ሌሊት ጤዛ ያንጠባጥባል፤ አልጌው ይከተላል። ቆርቆሮ ይቅለል ቢባል ደግሞ፣ በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 55 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት አለው፤ ይህም ከቆርቆሮው ክብደት በአሥር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ቀላል ጣሪያ ከባድ እግር ይፈልጋል። እግሩ ግን የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ያልተደረገበት መሬት ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጨርቅና አሸዋ ተነጥፎ ከላዩ በሚቀመጥ ክብደት ይያዝ። ከአሮጌው ግድግዳም ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ያው 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት አካባቢ 200,000 ሊትር ውሃ ይሰበስባል። ይህ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ያልተነገረበት ንድፍ አልተጨረሰም። ዝገት መስሎ የሚቆየው ኮርተን ብረት በሥዕል ላይ ያምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ቡናማ ያደርገዋል።

ላሊበላ ላይ በ2008 የቆሙትን መጠለያዎች እናስታውስ። ለጊዜው ተብለው ነበር፤ ዛሬም ቆመው ሰውን ስለ ክብደታቸውና ስለ ነፋሱ ያሳስባሉ። ማንኛውም አዲስ መዋቅር ሲቆም አብሮ የሚነሣበት ቀን፣ የሚነሣበት መንገድና ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ውሉ ላይ ይጻፍ። በብየዳ ሳይሆን በብሎን ይያያዝ።

የሕግ መንገዱ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/2000 መሠረት የቅርስ ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይደረግም። ጉዛራና ማርያም ግምብ ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ስለሆኑም፣ በዩኔስኮ መመሪያ አንቀጽ 172 መሠረት ትልቅ ሥራ ከመወሰኑ በፊት ለዓለም ቅርስ ኮሚቴው መነገር አለበት። ከተወሰነ በኋላ መላክ ማሳወቅ አይባልም።

ለሚመለከታቸው የማቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በጀት ለልኬት፣ ለድንጋይ ቁጥር፣ ለእንጨት ድጋፍና ለውሃ መውረጃ ብቻ ይዋል። የኖራ ጉድጓዱ ከሐምሌ በፊት ተቆፍሮ ሊጡ ክረምቱን ይብሰል፤ ጥቅምት ላይ ግንበኛው ሲገባ ዝግጁ ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ ተጀምሮ ጨረታው እስከ ጥር ከተጓተተ ለሥራ የሚቀሩት ወራት ሁለት ናቸው፤ ኖራ በሁለት ወር ተጣድፎ አይሠራም፣ ያኔ ተቋራጩ ሲሚንቶ ያስገባል። ስለዚህ ውሉ ቢያንስ ሦስት በጋ የሚሸፍን ይሁን። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ከድንጋይ ጠራቢዎቹና ከግንበኞቹ ቢያንስ ግማሾቹ የአካባቢው ወጣቶች ይሁኑ፤ የውጭ ባለሙያው ክፍያም በከፊል እነሱን አሠልጥኖ ከማስረከብ ጋር ይታሰር። የንድፍ ውድድሩ በሦስተኛው በጋ ይከፈት። ተወዳዳሪዎቹም የግንቡን የልኬት ሰነድ፣ የስንጥቅ መዝገቡንና ክረምት ያለፈባቸውን ናሙናዎች እጃቸው ላይ ይዘው ይሳሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቅርስ ጥገና ባለሙያ
ከጎንደር